አነስ ይበል፣ ሰፋ ይበል፦ የማይክሮዌቭ ሰርኪዩት የመቶ ሠላሳ ዓመት ጉዞ

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ላይ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው፣ ከሀዋሳ ጣሪያዎች በላይ የቆሙት የኔትወርክ ታወሮች ሁለት ዓይነት ዕቃ ተሸክመዋል። ረጃጅሞቹ ጠፍጣፋ አንቴናዎች ከስልካችን ጋር ይነጋገራሉ። ክብ ነጫጮቹ ዲሾች ግን ለማንም ስልክ አይመልሱም፤ ሥራቸው ከሰፈሩ የተሰበሰበውን ጥሪ፣ የባንክ መልእክትና ቪዲዮ ሁሉ ጠቅልለው ለሌላ ታወር ማቀበል ነው። ባለሙያዎቹ ቅብብሉን «ሊንክ»፣ ታወሩ የተተከለበትን ቦታ ደግሞ «ሳይት» ይሉታል። ከዲሹ ጀርባ በምትታሰረው፣ አንድ ሰው በእጁ በሚያነሣት ሣጥን ውስጥ ፊልተሩ፣ ማጉያው፣ ኃይል መክፈያውና መቀላቀያው ታጭቀዋል። የዛሬ ሰባ ዓመት ያንኑ ሥራ ለመሥራት ቁም ሣጥን የሚያህሉ መሣሪያዎች የተደረደሩበት ክፍል ያስፈልግ ነበር።

ከዚያ ክፍል እስከዚች ሣጥን ያለው መንገድ ከሩቅ ሲታይ የፈጠራ ሰልፍ ይመስላል፤ አንዱ ያልፋል፣ ሌላው ይተካል። ቀርበው ሲያዩት ግን እስከ ዛሬ ያልተቋጨ አንድ ክርክር ነው። መሐንዲሱ ክፍሉ እንዲያንስለት ይፈልጋል፤ በርካታ ድግግሞሾችን እንዲያስተናግድ ይፈልጋል፤ ያለፈበትን ኃይል እንዳያባክንም ይፈልጋል። ሦስቱ ባንድ ላይ አይገኙም። እያንዳንዱ ዘመን ሁለቱን ሲጨብጥ በሦስተኛው ከፍሏል። አንዱን ዘመን ከሌላው የሚለየውም የከፈለው ዋጋ ነው።

ርዝመት የሚገዛው ዓለም

ማይክሮዌቭ የሚባለው በጥቅሉ ከ300 ሜጋኸርዝ እስከ 300 ጊጋኸርዝ ያለው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር ይሆናል። በቤታችን የመብራት መስመር ላይ ሽቦ ማገናኛ ብቻ ነው፤ አንድ ክንድ ቢረዝም ወይም ቢያጥር አምፖሉ ልዩነቱን አያውቀውም። ሽቦው ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲቀራረብ ግን ራሱ ዕቃ ይሆናል። የዋሽንት ርዝመት ድምፁን እንደሚወስነው ሁሉ፣ የመዳብ መስመሩ ርዝመትም የሚያስተናግደውን ድግግሞሽ ይወስናል። ሩብ ሞገድ የሚያህል መስመር ጫፉ ክፍት ሆኖ ሳለ ከመግቢያው በኩል እንደተዘጋ ይታያል፤ ተዘግቶ ሳለ ደግሞ ክፍት ይመስላል። አብዛኛው የማይክሮዌቭ ፊልተር፣ ኃይል መክፈያና ካፕለር የቆመው በዚህ ብልሃት ላይ ነው።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። በ10 ጊጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት በአየር ውስጥ 30 ሚሊሜትር፣ ሩቡ 7.5 ሚሊሜትር ነው። ወደ 2 ጊጋኸርዝ ሲወርዱ ሩቡ 37.5 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ እንዲህ ያሉ አራት አምስት መስመሮች ከተደረደሩ ሰሌዳው ከስልክ ይበልጣል። መስመሩን እንደ አሉሚና ባለ ሴራሚክ ላይ ቢያነጥፉት ሞገዱ ስለሚያጥር ርዝመቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ አጣጥፎ ማስቀመጥም ይቻላል። ነገር ግን ሩብ ሞገድ በልኩ ሩብ የሚሆነው በአንዲት ድግግሞሽ ብቻ ነው፤ ከእርሷ በራቁ መጠን ብልሃቱ ይላላል። ስፋት ለማግኘት የታወቀው መንገድ ክፍሎችን በተርታ መቀጠል ነው። ያ ደግሞ የተቆጠበውን ቦታ መልሶ ይወስዳል።

ይህ ክርክር የተፈጥሮ ድንበር አለው። በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሄንድሪክ ቦድና ሮበርት ፋኖ አንድን ጭነት በምን ያህል የድግግሞሽ ስፋት ከምንጩ ጋር ማጣጣም እንደሚቻል ጣራውን አሰሉ። በ1948 ደግሞ ላን ጄን ቹ ለትንንሽ አንቴናዎች ተመሳሳይ ጣራ አስቀመጠ፦ አንቴናው ከሞገዱ አንጻር እያነሰ ሲሄድ የሚሠራበት ስፋትም ይጠባል። ከዚያ ወዲህ የዲዛይነሩ ሙያ ጣራውን መስበር ሳይሆን በተቻለ መጠን ወደ ጣራው መጠጋት ሆነ።

ካልካታ፣ ሐረርና የተረሳው ሚሊሜትር

የዚህ ታሪክ አስገራሚ ነገር፣ ትንሽነት ገና ከመጀመሪያው መኖሩ ነው። ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በ1895 (እ.ኤ.አ.) ካልካታ ውስጥ በግድግዳ ያለፈ ሞገድ ደወል ሲደውልና ባሩድ ሲያቀጣጥል ለሕዝብ አሳየ። ከአምስት ሚሊሜትር ገደማ ጀምሮ ባሉ ሞገዶች ይሠራ ነበር፤ ይህ ዛሬ 60 ጊጋኸርዝ የምንለው ነው። ሞገዱ አጭር በመሆኑ ቀንድ መሰል አንቴናውም፣ ሌንሱም፣ መቀበያውም ጠረጴዛ ላይ ይበቁ ነበር። የጎደለው ኃይል ነው፤ የሞገዱ ምንጭ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለነበረ ርቆ አልሄደም። ርቀት የፈለገው ማርኮኒ ወደ ረጃጅም ሞገዶችና ግዙፍ አንቴናዎች ሄደ፣ ዓለምም ተከተለው። አጭሩ ሞገድ ለአርባ ዓመት ያህል ወደ ጎን ተባለ።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባንና ሐረርን የሚያገናኝ 477 ኪሎሜትር የሽቦ መስመር አዘረጉ። ለተራራማ አገር ሽቦ ውድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ገደል ምሰሶ፣ እያንዳንዱ ምሰሶ ጠባቂ ይጠይቃል። ተራራው ለሽቦ እንቅፋት ነው። ለማይክሮዌቭ ግን መቆሚያ ሰገነት እንደሚሆን የታየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

መጠን የከፈለው ዘመን

በ1936 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካውያኑ ጆርጅ ሳውዝወርዝና ዊልመር ባሮው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ሞገድን በባዶ የብረት ቱቦ መምራት እንደሚቻል አሳወቁ፤ ዌቭጋይድ የሚባለው ይህ ነው። በየካቲት 1940 (እ.ኤ.አ.) በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት ባለ ጎድጓዳ ማግኔትሮን አስነሡ። ለቦስ የጎደለው ብርቱ ምንጭ በመጨረሻ ተገኘ። የብሪታንያ ልዑካን በዚያው ዓመት መስከረም መሣሪያውን ወደ አሜሪካ ወሰዱት። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው የጨረራ ላቦራቶሪም የጦርነቱን ራዳሮች ከሠራ በኋላ ዕውቀቱን በ28 ቅጽ አሳትሞ ለዓለም ተወው።

ዌቭጋይድ ኃይል ብዙም አያባክንም፤ ብርቱ ኃይልም ይሸከማል። ዋጋውን የሚያስከፍለው በመጠን ነው። ከ8.2 እስከ 12.4 ጊጋኸርዝ የሚያገለግለው የተለመደው ቱቦ ውስጡ 22.86 በ10.16 ሚሊሜትር ነው፤ ወደ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሲወርዱ ቱቦው ክንድ እያከለ ይሄዳል። ስፋቱም ቢሆን የተገደበ ነው፤ ከታች ከወረዱ ሞገዱ ጭራሽ አያልፍም፣ ከላይ ከወጡ በአንዴ በብዙ መልክ እየተጓዘ ይዘበራረቃል። ክብደቱ መሬት ላይ ለቆመ ጣቢያ አያስጨንቅም ነበር። በኅዳር 1947 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክና ቦስተን በማይክሮዌቭ ቅብብል ተገናኙ፤ በ1951 ደግሞ መስመሩ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ።

ኢትዮጵያም ወደ ዘመናዊው ቴሌ የገባችው በዚያው ሰሞን ነው። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በ1945 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከተራራ ተራራ የሚተያዩ ማማዎች ሽቦውን ቀስ በቀስ ተኩት። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በሜዳ ላይ ሁለት ማማዎች እያንዳንዳቸው 50 ሜትር ቢሆኑ፣ ሞገዱ በከባቢ አየር ትንሽ ስለሚታጠፍ እስከ 58 ኪሎሜትር ድረስ ይተያያሉ። ከአዲስ አበባ ሀዋሳ በመንገድ 275 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ስድስት ቅብብል ማለት ነው። ከፍ ያለ ተራራ ከተገኘ ቁጥሩ ይቀንሳል። በደቡብ አቅጣጫ አገራችንን ከናይሮቢ ጋር ያስተሳሰረው መስመርም የአፍሪካ አገሮች በጋራ ያቀዱት የፓናፍቴል ማይክሮዌቭ መረብ አካል ነበር። ስምጥ ሸለቆ ለእንዲህ ያለ መስመር የራሱ ፈተና አለው፤ የሐይቅ ገጽ ሞገዱን እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ ቀጥታ የመጣውና ከውኃው ነጥሮ የመጣው ተገናኝተው ሊጠፋፉ ይችላሉ። ስለዚህ መሐንዲሶች የማማውን ከፍታ ይለውጣሉ፣ ወይም በአንድ ማማ ላይ ሁለት ዲሽ አንዱን ከሌላው በላይ ይሰቅላሉ።

ማነስ የማይቻልበት ቦታ መኖሩን ያሳየችው ደግሞ ያኔ የኢትዮጵያ አካል የነበረችው አስመራ ናት። በ1945 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት አሜሪካ በምትጠቀምበት የቃኘው ጣቢያ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ 26 እና 46 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዲሾች ተተክለው ነበር። ከጠፈር የሚመጣ ደካማ ምልክት የሚሰበሰበው በሰፊ ገጽ ነው፤ ለዚያ ሥራ ዲሹን የሚያሳንስ ብልሃት የለም። በ1971 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያም ለዚሁ ሕግ ተገዝቷል። ሊያንስ የሚችለው ከዲሹ ጀርባ ያለው ሰርኪዩት ነው።

ብክነት የከፈለው ዘመን

ከቱቦ ወደ ስስ መስመር የተደረገው ሽግግር በዝግታ መጣ። ሮበርት ባሬት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጠፍጣፋ መዳብ በሁለት የብረት ገጾች መካከል አስገብቶ ሞገድ መምራት እንደሚቻል አሳየ። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ግሪግና ኤንግልማን የተባሉ መሐንዲሶች የላይኛውን ገጽ አስቀሩት፦ ከታች የመዳብ ወለል፣ በላዩ ስስ ማገጃ፣ ከዚያ በላይ ቀጭን የመዳብ መስመር። ይህ ማይክሮስትሪፕ ነው። እንደ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በአሲድ ተቆርጦ ይወጣል፤ ክፍሉን ለመሥራት የብረት ሠራተኛ መፈለግ ቀረ። ክፍያው ብክነት ነው። ሞገዱ ከፊሉ በማገጃው ውስጥ ይሞቃል፣ ከፊሉ በቀጭኑ መዳብ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉም ወደ አየር ያመልጣል።

ሀዋሳ በተቆረቆረችበት በ1952 ዓ.ም. ኧርነስት ዊልኪንሰን አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ያቀረበው ኃይልን እኩል የሚከፍል፣ ሁለቱ ውጤቶች እርስ በርስ የማይረባበሹበት መክፈያ ነበር፤ አሠራሩ ሁለት የሩብ ሞገድ መስመርና አንድ ሬዚስተር ብቻ። ዛሬም የማይክሮዌቭ ተማሪ መጀመሪያ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሲይሞር ኮን በ1968 (እ.ኤ.አ.) ያንኑ መክፈያ በበርካታ ክፍሎች ቀጥሎ፣ የላይኛው ድግግሞሽ የታችኛውን አሥር እጥፍ እስኪሆን ድረስ ማስፋት እንደሚቻል አሳየ፤ ስፋቱ በርዝመት ተገዛ። በዓመቱ ጁሊየስ ላንግ በሌላ በኩል መጣ። አራት ቀጫጭን መስመሮችን ጣት በጣት አጠላልፎ፣ በጥቃቅን ሽቦዎች አገናኝቶ፣ ኃይሉን ለሁለት የሚከፍል ካፕለር በአንድ ሩብ ሞገድ ርዝመት ውስጥ አገኘ፤ የሚሠራበት የላይኛው ድግግሞሽ የታችኛውን እጥፍ ይሆናል። ኮን ርዝመት ጨምሮ ያገኘውን ላንግ በመስመሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በማጥበብ ተጠጋው። ከዚያ ወዲህ አነስተኛና ሰፊ ክፍል ለመሥራት የተሞከረው አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ሁለት መንገዶች በአንዱ ይወድቃል፦ ወይ ክፍል መቀጠል፣ ወይ ትስስሩን ማጥበቅ።

ስፋት የከፈለው ብልሃት፣ ገንዘብ የከፈለው ቺፕ

ሦስተኛውን አማራጭ ያመጣው ድምፅ ነው። በ1965 (እ.ኤ.አ.) ሪቻርድ ኋይትና ፍሬድሪክ ቮልትመር በበርክሌይ በክሪስታል ገጽ ላይ የሚሮጥ የድምፅ ሞገድ በጣት መሰል የብረት መስመሮች ማስነሣት እንደሚቻል አሳዩ። ድምፅ በክሪስታል ላይ ከሬዲዮ ሞገድ በብዙ አሥር ሺዎች እጥፍ ስለሚዘገይ የሞገዱ ርዝመትም በዚያው ልክ ያጥራል። ሩብ ሞገድ ከሚሊሜትር ወደ ማይክሮሜትር ወረደ፤ ፊልተሩም ከሩዝ ፍሬ አነሰ። ዛሬ በየኪሳችን ያለ ስልክ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፊልተሮች በርካታ ናቸው፤ ከአንድ ጊጋኸርዝ በታች ጀምሮ ከሦስት በላይ ድረስ የተበተኑትን የሞባይል ድግግሞሾች የሚለዩት እነርሱ ናቸው። ትንሽ ናቸው፣ ብዙም አያባክኑም፤ ግን ጠባብ ናቸው። ስልኩ አንድ ሰፊ ፊልተር በመያዝ ፈንታ ብዙ ጠባቦችን የሚሸከመውም ለዚህ ነው።

አራተኛው መንገድ ክርክሩን ወደ ገንዘብ አዞረው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሬይመንድ ፔንግሊና ጄምስ ተርነር በእንግሊዙ ፕሌሲ ኩባንያ ማጉያን ከነማጣጣሚያ ሰርኪዩቱ በአንድ የጋሊየም አርሰናይድ ቺፕ ላይ አወጡ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ያልቺን አያስሊና ባልደረቦቹ በርካታ ትራንዚስተሮችን በአንድ መስመር ላይ በትነው ከ1 እስከ 13 ጊጋኸርዝ ድረስ የሚያጎላ ቺፕ ሠሩ። ቺፑ ያባክናል፤ የባከነውን ግን ትራንዚስተሩ መልሶ ያጎላዋል። ሦስቱ ባላንጣዎች የታረቁ ይመስላሉ። ክፍያው ሄዶ ያረፈው ፋብሪካው ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቺፕ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም ግዙፍ ካፒታል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዕውቀቱ ጥቂት አገሮች እጅ ተከማቸ። ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል ስትጀምር፣ በ2005 ዓ.ም. ከሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ማስፋፊያ ስትዋዋል፣ በ2014 ዓ.ም. ግንቦት የአምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በአዲስ አበባ ሲሞከር፣ ሣጥኑ ተዘግቶ ነው የመጣው።

ሰሌዳው ያልዘጋው በር

ሰሌዳው ግን አልሞተም። በየካቲት 2002 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ያለውን ክልል ለአነስተኛ ኃይል መሣሪያዎች ሲከፍት፣ ያን ሁሉ ስፋት የሚያሳልፍ ትንሽ ፊልተር መሥራት የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የቤት ሥራ ሆነ። በዚያው ሰሞን የኮሪያ ተመራማሪዎች የማይክሮስትሪፑን ወለል በልክ ፈልፍለው ሞገዱን ማዘግየት፣ መስመሩንም ማሳጠር ቻሉ። ኬ ዉና ዶሚኒክ ዴላንድ በካናዳ በሰሌዳው ላይ ሁለት ረድፍ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በስተው በብረት በመለበጥ የድሮውን ዌቭጋይድ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ውስጥ አስገቡት፤ አነስተኛ ብክነት ከጠፍጣፋ አሠራር ጋር ተገናኘ። እነዚህ ሁሉ የቺፕ ፋብሪካ አይፈልጉም። የሚፈልጉት ጥሩ ሰሌዳ፣ መቁረጫ፣ የስሌት ፕሮግራምና መለኪያ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ውድ የነበረው መለኪያው ነው። ቬክተር ኔትወርክ አናላይዘር የሚባለው መሣሪያ ዋጋው የአንድን ትምህርት ክፍል በጀት ይፈታተን ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን ናኖቪኤንኤ የተባለው በእጅ የሚያዝ መለኪያና እስከ 6 ጊጋኸርዝ የሚደርሰው ሊብረቪኤንኤ መጡ፤ የሁለቱም ንድፍ ለሁሉም ክፍት ነው። ኦፕንኢኤምኤስ የመሰለ የሞገድ ማስሊያ ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። ይህ ማለት የኤሌክትሪካል ምሕንድስና በሚሰጥበት በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ በሌሎቹ፣ ተማሪው የነደፈውን መክፈያ ቆርጦ፣ ለክቶ፣ ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ይችላል።

ምን መንደፍ እንዳለበት ደግሞ የአገሩ ሰማይ ይነግረዋል። የዳታ ፍላጎት ሲጨምር ሊንኮቹ ወደ ላይኛው ድግግሞሽ ይገፋሉ፤ ከ71 እስከ 76 እና ከ81 እስከ 86 ጊጋኸርዝ ያሉት ክልሎች እያንዳንዳቸው አምስት ጊጋኸርዝ ስፋት ይሰጣሉ። ጠላታቸው ዝናብ ነው። በሰዓት 50 ሚሊሜትር የሚጥል ዝናብ በ8 ጊጋኸርዝ ላይ በየኪሎሜትሩ አንድ ዴሲቤል ያህል ብቻ ይቀንሳል፤ በ80 ጊጋኸርዝ ግን ወደ 19 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ማለትም አንድ ኪሎሜትር ሲሄድ ኃይሉ ከሰባ እጅ አንድ እጅ እንኳ አይተርፈውም። ስለዚህ የላይኛው ለከተማ ውስጥ አጭር ርቀት፣ የታችኛው ከከተማ ከተማ ይሆናል፤ ሁለቱን አጣምሮ ዝናብ ሲመጣ ወደ ታችኛው የሚያዞር ሊንክ ደግሞ በሁለቱም የሚሠራ ክፍል ይጠይቃል። ፈይሳ ደቦ ዲባ ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቹ ጋር በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው ጥናት ለኢትዮጵያ የምድር ሊንኮች የዝናቡን መጠንና የሚያደርሰውን ቅነሳ የመረመረ ነው። እንዲህ ያለ የአገር ውስጥ ቁጥር ከሌለ ዲዛይኑ በሌላ አገር ክረምት ይሰላል።

ድግግሞሹ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ይገለበጣል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ብርሃኑ ቡልቻ በናሳ የጎዳርድ ማዕከል በጨረቃ ላይ ውኃን ለመለየት የሚያስችል የቴራኸርዝ መሣሪያ እየሠራ መሆኑን ድርጅቱ በ2022 (እ.ኤ.አ.) አስታውቋል። በአንድ ቴራኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር ነው። እዚያ ሰርኪዩቱን ማሳነስ ችግር አይደለም፤ በግድ ያንሳል። ችግሩ ያን የሚያህል ክፍል ሳይሳሳቱ መቅረጽና ኃይል ማመንጨት ነው። የቦስ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ጉድለት በሌላ መልክ ተመለሰ።

ማነስ ግድ የሚሆንበት ሌላው ቦታ ሳተላይት ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተነሣችው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት 70 ኪሎግራም ገደማ ትመዝን ነበር፤ በዓመቱ የተከተለቻት ከ10 ኪሎግራም በታች ነበረች። ሳተላይት ሲያንስ ለሬዲዮው የሚተርፈው ቦታም ያንሳል፤ ቀጣዮቹ ሲታቀዱ ቢያንስ ፊልተራቸውንና ኃይል መክፈያቸውን እዚሁ ነድፎ እዚሁ ለክቶ ማስገባት ዛሬ ከሚቻሉት ነገሮች አንዱ ነው። የቺፑ ፋብሪካ ላንደርስበት እንችላለን። ሰሌዳው ግን ከማይክሮዌቭ ሰንሰለት ውስጥ በጥቂት ካፒታልና በብዙ ማሰብ የሚገባበት ብቸኛው ቀለበት ነው፤ የአገር ውስጥ ዲዛይን ከዚህ ካልጀመረ ከየትም አይጀምርም።